«መገልገያ» ወይስ «አባሪ»? ስለ ማዘርቦርድ አምራቾች ሶፍትዌር ስያሜና ስለ መጫን አለመጫኑ

የሙያ ቃል ሁለት ተግባር አለው። አንደኛው ነገሩን ከሌላው ነገር ለይቶ ማሳወቅ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የማይታሰበው፣ ስለ ነገሩ አስቀድሞ ፍርድ መስጠት ነው። ፍርዱ ትክክል በሆነ ጊዜ ማንም ልብ አይለውም፤ ትክክል ባልሆነ ጊዜ ግን አንባቢው ሳያውቀው በስያሜው ተመርቶ ይወስናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እንደዚህ ያለ አንድ የስያሜ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የማዘርቦርድ አምራቾች ከምርታቸው ጋር አያይዘው የሚያቀርቡት ሶፍትዌር በአማርኛ ምን ይባል፣ ይህንንስ ሶፍትዌር መጫን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ጥያቄዎቹ አንዱ የቋንቋ፣ ሌላው የቴክኒክ መስለው ቢታዩም፣ ከዚህ ቀጥሎ እንደምናሳየው፣ የሁለተኛው መልስ በአብዛኛው በአንደኛው ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

ስለ «ማዘርቦርድ» ራሱ አንድ ቃል እንበል። «እናት ሰሌዳ» የሚል ትርጉም አልፎ አልፎ ይታያል፤ «እናት ድርጅት» እንደምንል ሁሉ አፈጣጠሩ ከቋንቋው ጠባይ ጋር አይጋጭም። ይሁን እንጂ ሻጩም፣ ገዢውም፣ ጠጋኙም «ማዘርቦርድ» ስለሚሉ በውሰት ቃሉ እንጠቀማለን።

1. ነገሩ ምንድን ነው?

አንድ ሰው የኮምፒዩተር ክፍሎችን ለየብቻ ገዝቶ ይገጣጥምና በባዶ ዲስክ ላይ ዊንዶውስን ይጭናል። የዴስክቶፑ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተከፈተ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በገጹ ጥግ አንድ መስኮት ብቅ ይላል። ማዘርቦርዱ የአሱስ ከሆነ መስኮቱ «አርሞሪ ክሬት» የተባለውን ሶፍትዌር አውርዶ መጫን ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ጊጋባይት የተባለው አምራች «ጊጋባይት ኮንትሮል ሴንተር»፣ ኤም ኤስ አይ ደግሞ «ኤም ኤስ አይ ሴንተር» የሚባል ተመሳሳይ ሶፍትዌር አላቸው። ሦስቱም የታይዋን ኩባንያዎች ናቸው። የሶፍትዌሮቹም ሥራ ተቀራራቢ ነው፤ የማቀዝቀዣ ፋኖችን ፍጥነት ያስተካክላሉ፤ የጌጥ መብራቶችን ቀለም ይለውጣሉ፤ የሙቀት መጠንን ያሳያሉ፤ ድራይቨሮችን ፈልገው ያወርዳሉ።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። ዲስኩ ባዶ ከነበረ መስኮቱ ከየት መጣ? መልሱ ከዲስኩ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ነው የሚል ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ጋር «ዊንዶውስ ፕላትፎርም ባይነሪ ቴብል» የተባለ አሠራር አስገብቷል። በዚህ አሠራር መሠረት አምራቹ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም በማዘርቦርዱ ቺፕ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስም በተነሣ ጊዜ ፕሮግራሙን ከዚያ አንብቦ ያስኬደዋል። ስለሆነም ዲስኩ ቢለወጥ፣ ዊንዶውስም እንደገና ቢጫን፣ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል።

2. «መገልገያ» የሚለው ስያሜ

እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር አምራቾቹ «ዩቲሊቲ» ይሉታል። ለተርጓሚ ቀድሞ የሚመጣለት አቻ «መገልገያ» ነው። የቃሉ አፈጣጠር እንከን የለውም። «ተገለገለ» ከሚለው ግሥ፣ «መቁረጫ»፣ «መጻፊያ»፣ «መጥረጊያ» በወጡበት መንገድ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። ነገር ግን የመሣሪያ ስም በአማርኛ ሁለት ሐሳብ ይዞ ይመጣል። አንደኛ፣ ተገልጋዩ መሣሪያውን በእጁ የያዘው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ካልያዙት አይንቀሳቀስም። መጥረጊያ ጥግ ቆሞ የሚጠርግበትን ሰው ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ተነሥቶ አይጠርግም።

የምንነጋገርበት ሶፍትዌር ከእነዚህ ሐሳቦች ጋር አይስማማም። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው የሚነሡ፣ ከበስተጀርባ ዘወትር የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ያሰማራል፤ ተጠቃሚው ባይከፍተውም ይሠራል፤ በኢንተርኔት ከአምራቹ ጋር ይገናኛል። እንዲህ ላለው ነገር የአማርኛ ሰዋስው ያዘጋጀው የባለ ድርጊት ስም ነው። ከዚያው ዘር «አገልጋይ» የሚለው ቃል አለን። አገልጋይ በቤት ውስጥ ያድራል፤ ቁልፍ ይይዛል፤ ስለዚህም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ይጠየቃል። መጥረጊያ ስንገዛ ዋስ አንጠይቅም፤ ሠራተኛ ስንቀጥር ግን ተያዥ እንጠይቃለን። በ«መገልገያ» እና በ«አገልጋይ» መካከል ያለው ልዩነት ለሰዋስው ሊቅ የአንድ ርቢ ልዩነት ሲሆን፣ ለኮምፒዩተሩ ባለቤት ተያዥ በመጠየቅና ባለመጠየቅ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ቁልፍ ይይዛል ማለታችን ለአነጋገር ያህል አይደለም። የፋንን ፍጥነት ወይም የመብራትን ቀለም ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ለመለወጥ ሶፍትዌሩ እስከ ሥርዓቱ የውስጠኛ ክፍል የሚደርስ ድራይቨር ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ሴኪዩርኦት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በአሱስና በጊጋባይት እንዲህ ባሉ ድራይቨሮች ላይ ያገኛቸውን ጉድለቶች ይፋ አደረገ። በየካቲት 2020 ደግሞ ሶፎስ የተባለው ድርጅት፣ «ሮቢንሁድ» በሚባለው የቤዛ መጠየቂያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ወንጀለኞች ከነዚሁ የጊጋባይት ድራይቨሮች አንዱን ራሳቸው ይዘው እየመጡ የመከላከያ ሶፍትዌሮችን ያሰናክሉበት እንደነበር ገለጸ። ድራይቨሩ የታወቀ ኩባንያ ፊርማ ስለነበረበት ዊንዶውስ አልከለከለውም።

ለቋንቋ ባለሙያ ይበልጥ የሚገርመው ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ይፋ የሆነው ጉድለት ነው። «ድራይቨርሀብ» የተባለው የአሱስ ሶፍትዌር ከበስተጀርባ ሆኖ ከኩባንያው ድረ ገጽ የሚመጣ ትእዛዝ ይጠብቃል። ትእዛዙ ከትክክለኛው ድረ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጠው የላኪውን ስም በማየት ነበር፤ ዳሩ ግን ስሙን እስከ መጨረሻው አያነብም ነበር። በኩባንያው አድራሻ ጀምሮ በሌላ ሰው አድራሻ የሚጨርስ ስምም ያልፍ ነበር። ይህም የሰውን ስም ሰምቶ የአባቱን ስም ሳይጠይቁ በር እንደ መክፈት ነው። ኩባንያው ጉድለቱን አርሟል። ይሁን እንጂ ጥግ ላይ የቆመ መሣሪያ ትእዛዝ ስለማይቀበል ትእዛዝ ሰጪውን ሊሳሳት አይችልም፤ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚደርሰው በአገልጋይ ላይ ብቻ ነው።

3. «መጫን» እና «ማራገፍ»

«ኢንስቶል ማድረግ» ለሚባለው ተግባር አማርኛ «መጫን»ን፣ ለተቃራኒው «ማራገፍ»ን መርጧል። ምርጫው የሚመሰገን ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በመካከለኛው ዘመን ላቲን መነሻው አንድን ሰው በሹመት ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ነበር፤ የሚያስታውሰን ክብርን ነው። የአማርኛው ግን የመጣው ከአጋሰስና ከጭነት ነው። ጭነት ሲባል ክብደት አለ፤ የሚሸከመውም ጀርባ አለ። የኮምፒዩተሩ ሜሞሪና ለመነሣት የሚወስድበት ጊዜ የሚሸከሙትን ነገር ቃሉ ራሱ ያስታውሳል።

ሆኖም በጽሕፈት ላይ አንድ ችግር አለ። «ጫነ» እና «ተጫነ» የተለያዩ ግሦች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሸክም ማስቀመጥ ሲሆን ሁለተኛው በጣት ወይም በእጅ መግፋት ነው። በአክብሮት ትእዛዝ ሲነገሩ ሁለቱም «ይጫኑ» ይሆናሉ። በንግግር «ጫ» ሲላላ አንዱ፣ ሲጠብቅ ሌላው ይለያል፤ ፊደላችን ግን መጥበቅን ስለማያሳይ በጽሑፍ አንድ ናቸው። «መጫን» የሚለው ንኡስ አንቀጽም እንዲሁ ነው። ስለዚህ «ለመቀጠል ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ ያየ አንባቢ አዝራሩን እንዲገፋ ይሁን ሶፍትዌሩን እንዲያስገባ ሊለይ አይችልም። «ለመጫን ይጫኑ» የሚለውማ ጮክ ብሎ ካልተነበበ ትርጉሙ አይታወቅም። በሌላ ቦታ ይህ አሻሚነት ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ ፈቃድ በሚጠየቅበት መስኮት ላይ ግን ሰው ያልፈቀደውን እንደ ፈቀደ ያስቆጥረዋል።

«ማራገፍ»ም ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። የተራገፈ አጋሰስ ባለቤቱ እንደገና እስኪጭነው ድረስ ነጻ ነው። በላይ እንደተገለጸው ግን እዚህ ላይ ጥሪው ከማዘርቦርዱ ስለሚነሣ ያራገፉት ሶፍትዌር ተመልሶ ልጫን ይላል። ከዚህም በላይ አርሞሪ ክሬትን ከነቅርንጫፉ ለማስወገድ አሱስ ራሱን የቻለ የማራገፊያ ፕሮግራም ማዘጋጀት አስፈልጎታል። ስለዚህ በአንድ መመሪያ ውስጥ «ሶፍትዌሩን ያራግፉ» ብሎ ያቆመ ተርጓሚ የሥራውን ግማሽ ብቻ ነግሯል። ሌላው ግማሽ ወደ ባዮስ ገብቶ ይህን ጥሪ የሚፈቅደውን ምርጫ መዝጋት ነው።

4. «የሚመከር» ማን ነው?

በእነዚህ መስኮቶችና በአምራቾች መመሪያዎች ላይ ከሚዘወተሩት ቃላት አንዱ በአማርኛ «የሚመከር» ተብሎ ይተረጎማል። «መከረ» በአማርኛ ተሳቢ የሚያደርገው ሰውን ነው፤ «አባት ልጁን መከረ» እንላለን። ወደ ተገብሮ ሲለወጥም «ልጁ ተመከረ» ይሆናል። «የሚመከር ልጅ» ማለት ምክር የሚሰማ ልጅ ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት «የሚመከር ሶፍትዌር» ቢባል ትርጉሙ ምክር የሚሰማ ሶፍትዌር ይሆናል። ልማድ ይህን እየሻረው መሄዱን እናውቃለን፤ «እንዲጫን ይመከራል» የሚለው አነጋገርም ተስፋፍቷል። የምንነቅፈው ሰዋስዋዊ እንግዳነቱን ብቻ አይደለም። ዋናው ጉዳይ መካሪውን መሰወሩ ነው።

የአገራችን ሰው «ምከረው ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ እንኳ መካሪው ይታወቃል፤ ሰው ካልሆነ መከራ ነው። «ይመከራል» በሚለው ውስጥ ግን መካሪ የለም። ምክሩ ከገለልተኛ አዋቂ የመጣ ይመስላል፤ ይሁንና የመጣው ከሻጩ ነው። ሻጩ የሚመክረው ክፉ አስቦ ነው አንልም፤ ነገር ግን የራሱ ጥቅም አለው። አርሞሪ ክሬት ፋን ከማስተካከል ሌላ የዜናና የጨዋታ ቅናሽ ገጽም እንዲኖረው ሆኖ ተሠርቷል፤ ይህ ክፍል የሚያገለግለው ከማዘርቦርዱ ጤንነት ይልቅ ንግዱን ነው። ስለሆነም ተርጓሚ ግሡን ወደ አድራጊ መልሶ «አምራቹ እንዲጫን ይመክራል» ቢል አንድም ፊደል የማያዛባ፣ ባለቤቱን ግን የሚገልጥ ትርጉም ይሆናል። አንባቢውም «ለምን ይመክራል?» ብሎ ለመጠየቅ በር ያገኛል።

5. «ማዘመን»

«ማዘመን» ከ«ዘመን» የወጣ ቃል ነው፤ አሮጌውን ከጊዜው ጋር ማስታረቅን ያመለክታል። አዲሱ ከአሮጌው እንደሚሻል አስቀድሞ ስለሚፈርድ፣ «አልዘምንም» የሚል ሰው ራሱን ኋላ ቀር አድርጎ እንዲያይ ይገደዳል።

ፍርዱ ሁልጊዜ ትክክል እንዳልሆነ ሁለት ነገሮች ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ እስከ ኅዳር 2018 ባለው ጊዜ ሰርጎ ገቦች «አሱስ ላይቭ አፕዴት» የተባለውን የማዘመኛ ሶፍትዌር በክለው፣ በኩባንያው ትክክለኛ ፊርማ፣ ከኩባንያው ከራሱ ሰርቨሮች እንዲሠራጭ አደረጉ። ካስፐርስኪ የተባለው ድርጅት ነገሩን በመጋቢት 2019 ይፋ ባደረገ ጊዜ፣ ከራሱ ደንበኞች መካከል ብቻ የተበከለውን እትም የጫኑት ከ57,000 በላይ እንደነበሩ ገልጿል። ሰርጎ ገቦቹ የፈለጉት ግን አድራሻቸውን አስቀድመው የያዙትን 600 ያህል ኮምፒዩተሮች ነበር። ሶፍትዌሩ በተለይ ከላፕቶፖች ጋር ይመጣ የነበረ ቢሆንም ወገኑና አሠራሩ ከምንነጋገርበት አንድ ነው።

ሁለተኛው በግንቦት 2023 ኢክሊፕሲየም የተባለው ኩባንያ ያወጣው ዘገባ ነው። ከ270 በላይ በሆኑ የጊጋባይት ማዘርቦርድ ዓይነቶች ቺፕ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ዊንዶውስ ሲነሣ ሌሎች ፕሮግራሞችን ከኢንተርኔት ያወርድ ነበር፤ ከሚያወርድባቸው አድራሻዎችም አንዱ ምንም ምስጠራ አልነበረውም። በመንገድ ላይ የቆመ ሰው የሚያልፈውን ነገር በሌላ ሊተካው ይችል ነበር ማለት ነው። ጊጋባይት ወዲያው የማረሚያ ባዮስ አውጥቷል። በሁለቱም ጊዜ ለተጠቃሚው የታየው ቃል ግን አንድ ነበር፤ ማዘመን።

6. ስለ ተቃራኒው አስተያየት

ይህን ሶፍትዌር የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ሊናቅ አይገባም። በመጀመሪያ፣ አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ዊንዶውስ የኔትወርኩን ክፍል የማያውቅበት ጊዜ አለ፤ ኢንተርኔት ከሌለ ድራይቨር ማውረድ አይቻልም፤ ጀማሪ ሰው ይቸገራል። ሁለተኛ፣ ባዮስን አለማደስ ራሱ ጉዳት አለው። በኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ የታየውን ያለመረጋጋት ችግር ለመግታት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የወጣው ማረሚያ ለተጠቃሚው የደረሰው በማዘርቦርድ አምራቾች ባዮስ በኩል ነው። ሦስተኛ፣ መብራትና ፋን በአንድ ገጽ ማስተካከል ምቾት አለው።

ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም ጥቅሉን ሶፍትዌር የግድ አያደርጉትም። የኔትወርክ ድራይቨር ከማዘርቦርዱ ሞዴል ገጽ ላይ በሌላ ኮምፒዩተር ወርዶ በፍላሽ ሊመጣ ይችላል። ባዮስን ለማደስ አሱስ «ኢዜድ ፍላሽ»፣ ጊጋባይት «ኪው ፍላሽ»፣ ኤም ኤስ አይ «ኤም ፍላሽ» የተባሉ መንገዶችን በባዮሱ ውስጥ ሠርተዋል፤ ዊንዶውስ ሳይነሣ ከፍላሽ ዲስክ ይሠራሉ። የፋን ፍጥነትም በዚያው በባዮስ ገጽ ይስተካከላል፤ አንድ ጊዜ ከተስተካከለም የሚጠብቀው ሶፍትዌር አይሻም። የቀረው መብራት ነው። ስለ መብራት ሲባል በቤቱ ውስጥ ቁልፍ የሚይዝ አገልጋይ ማሳደር ይገባ እንደሆነ እያንዳንዱ ሰው ይፍረድ፤ የምንለው ሲፈርድ ስለ ምን እንደሚፈርድ ይወቅ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው «ድራይቨር» እና ጥቅሉ ሶፍትዌር በአንድ ስም ሲጠሩ ነው። ድራይቨር ማዘርቦርዱና ዊንዶውስ የሚግባቡበት አስፈላጊ ነገር ነው፤ ጥቅሉ ተጨማሪ ነው። ሁለቱን «የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር» ብሎ የሚጠቀልል ትርጉም፣ ተጨማሪው በአስፈላጊው ጀርባ ታዝሎ እንዲገባ ያደርጋል።

7. የስያሜ ሐሳብ

እንግዲህ ጥቅሉን ሶፍትዌር ምን እንበለው? «ምርቃት» የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል፤ በገበያ ሻጭ በሰፈረው ላይ የሚጨምረው ነው። ቃሉ ሕያው ነው፤ ነገር ግን ምርቃት ገዢው ለምኖ የሚያገኘው ሲሆን ይህኛው ሳይለመን የሚመጣ ነው። በተጨማሪም ቃሉ ቡራኬን ስለሚያስታውስ ከ«መገልገያ» በባሰ ሁኔታ አስቀድሞ ያመሰግናል። «ሸክም» ብንለው ደግሞ አስቀድመን መኮነናችን ነው፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህም አይፈቀድለትም።

እኛ የምንመርጠው «አባሪ ሶፍትዌር» የሚለውን ነው። «አባሪ» ከደብዳቤ ጋር ተያይዞ ለሚላክ ወረቀት በየመሥሪያ ቤቱ የምንጠቀምበት ቃል ነው። ከዋናው ጋር መምጣቱን ይናገራል፤ ጠቃሚ ነው ወይም ጎጂ ነው አይልም። አባሪ የደረሰው ሰው አንብቦ ይወስናል። በዕለታዊ ንግግር «አባሪ ተባባሪ» ሲባል የወንጀል ረዳትነት ጥላ እንዳለበት ይታወቃል፤ ሆኖም ጥላው የሚመጣው ከጥምረቱ በመሆኑ ለብቻው ሲቆም አያሰጋም።

ከዚህ ጋር ለተርጓሚዎች አራት ሐሳቦችን እናቀርባለን። «መገልገያ» የሚለው ተጠቃሚው ሲከፍተው ሠርቶ ሲዘጋው ለሚያቆም ፕሮግራም ብቻ ይጠበቅ። «መጫን» ሶፍትዌር ለማስገባት ይዋል፤ አዝራር ለመግፋት «ይንኩ» ይባል። «የሚመከር» ባለበት ሁሉ መካሪው በስሙ ይጠራ። «ማዘመን» ሲጻፍ ምን እንደሚዘምንና እትሙ ከየት እንደሚመጣ ይጨመር።

መጫን አለመጫኑን በሚመለከት የእኛ ፍርድ ይህ ነው። ድራይቨሩ ይጫን፤ ባዮሱ በራሱ መንገድ ይታደስ፤ አባሪው ግን በስሙ ሊጠራ የሚችል ሥራ ካልተገኘለት ይቅር፤ ጥሪውም በባዮስ ውስጥ ይዘጋ። ከዚህ ፍርድ የሚለይ አንባቢ ቢኖር አንከራከረውም፤ ምክንያቱም ፋኑንና መብራቱን የሚያውቀው እርሱ ነው። ከሙያ ባልደረቦቻችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በእርሱ ፈንታ ስያሜው እንዳይወስንበት።